በንብርብር ሥዕል የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ማስታወቂያ ለነጋዴው የሚሰጠው ጥቅም

ነገሌ ቦረና፣ ያቤሎና ሞያሌ የከብት፣ የግመልና የፍየል ንግድ የሚካሄድባቸው ከተሞች መሆናቸው የታወቀ ነው። በእነዚህ ገበያዎች የሚገናኘው ሕዝብ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ተናጋሪ ስለሆነ፤ በአንድ ቋንቋ ብቻ የወጣ ማስታወቂያ ከገዢው ከፊሉ ሳያነበው ይቀራል። ሦስት ጊዜ ማሠራት ደግሞ ወጪው ከባድ ነው። ይህን ችግር የሚያቃልለው ሥዕሉ ከመጀመሪያው በንብርብር፣ ማለት ባለሙያዎች ሌየር በሚሉት ዘዴ፣ ሲዘጋጅ ነው።

ሌየር ማለት በመስተዋት ላይ እንደተሣለ ሥዕል አንዱ በሌላው ላይ የሚነባበር ክፍል ነው። ብልሃቱ አዲስ አይደለም፤ የዋልት ዲዝኒ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው «ዘ ኦልድ ሚል» በተባለው አጭር ፊልም፤ በተለያየ ከፍታ በተደረደሩ መስተዋቶች ላይ የተሣሉ ሥዕሎችን ከላይ በካሜራ ያነሣ ነበር። ዛሬ ሥዕሉ በፎቶሾፕ ተከፋፍሎ ይዘጋጅና፤ እ.ኤ.አ. በ1993 መጀመሪያ በወጣው አፍተር ኢፌክትስ በተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንዲንቀሳቀስ ይደረጋል።

ለምሳሌ አንድ የከብት ነጋዴ የቦረና ኮርማ የሚታይበት ማስታወቂያ ቢያሠራ፤ የኮርማው ራስ፣ ገላ፣ እግሮችና ጅራት በየራሳቸው ሌየር ይቀመጣሉ። ራሱ ዝቅ ባለ ጊዜ ባዶ ስፍራ እንዳይታይ፤ ሠዓሊው ከራሱ በስተኋላ የተሸፈነውን አንገት ጭምር መሣል አለበት። እያንዳንዱ ክፍል የሚዞርበት ነጥብም በመገጣጠሚያው ላይ ይተከላል፤ ጅራት ከሥሩ መሆኑ ቀርቶ ከመካከሉ ቢዞር የተሰበረ ይመስላልና። ከዚህ በኋላ ባለሙያው የእንቅስቃሴውን መነሻና መድረሻ ኪፍሬም በተባለው ምልክት ያመለክታል፤ በመካከል ያለውን ፕሮግራሙ ራሱ ይሞላዋል። በሰኮንድ 25 ሥዕል የሚታይበት የ10 ሰኮንድ ማስታወቂያ 250 ሥዕል የሚጠይቅ ስለሆነ፤ የሚተርፈው ድካም ቀላል አይደለም።

ጽሑፉና ዋጋው ለብቻቸው ሌየር ከያዙ፤ ሥዕሉ ሳይነካ በሦስቱም ቋንቋ ይለዋወጣሉ። አማርኛው በግዕዝ ፊደል፣ ኦሮምኛውና ሶማልኛው በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ የቃላቱ ርዝመት ይለያያል፤ ስለዚህ ለጽሑፉ ሰፋ ያለ ቦታ መተው ይገባል። በአዲስ አበባ በዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የተዘጋጀው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የሕፃናት ፕሮግራም በአማርኛ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ያገር ቋንቋዎች መተላለፉ፤ አንድ ሥራ ለብዙ ቋንቋ እንደሚያገለግል ያስረዳል።

ነገር ግን ነጋዴው ያለቀውን ፊልም ብቻ ከተረከበ፤ ክፍሎቹ ሁሉ በአንድነት የተዋሐዱ ስለሆኑ፤ ዋጋ በተለወጠ ወይም ስልክ በተቀየረ ቁጥር ወደ ሠሪው ተመልሶ እንደገና ለመክፈል ይገደዳል። ስለዚህ በውሉ ላይ ከፊልሙ ጋራ ንብርብሩ ያልፈረሰው ፋይል፣ የገቡበት ፎቶግራፎችና የፊደሉ ፎንት እንዲሰጡት ማስጻፍ ይገባዋል። ፎንቱ ከጎደለ ጽሑፉ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መልኩን ይለውጣል። ቀሪውን ሒሳብ ከመክፈሉ በፊትም ፋይሉን በሌላ ኮምፒዩተር አስከፍቶ፤ ዋጋው በእርግጥ ለብቻው የሚለወጥ መሆኑን በዓይኑ አይቶ ቢረከብ ከኪሣራ ይድናል።