ስለ ቆመ ብራውዘርና ስለ ካርቱም ኢንተርኔት

ብራውዘር፣ ከሌላ ኮምፒዩተር የተላከለትን የጽሑፍ፣ የሥዕልና የትእዛዝ ጥቅል ተቀብሎ ሰው ሊያነበው በሚችል ገጽ አስተካክሎ የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው፤ የመጀመሪያውን እንግሊዛዊው ሊቅ ቲም በርነርስ ሊ በ1990 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ማዕከል ከሠራው ወዲህ፣ ገጽ ከማሳየት አልፎ የሚያሰላ፣ የሚያነጋግርና የሚያስመዘግብ ሆኗል። በካርቱም፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት በሰፈሩበት በዴም ባሉ የኢንተርኔት ቤቶች የታወቀው ይህ ሁለተኛው ጠባዩ ነበር፤ በመተማ በኩል ተሻግሮ በዚያች ከተማ ለተቀመጠው ስደተኛ ብራውዘር የአሜሪካ የቪዛ ዕጣ የሆነው የዲቪ ፎርም የሚሞላበትና የአገር ቤት ወሬ የሚሰማበት እንጂ የሥራ ፈት መጫወቻ አልነበረምና። አንዱ ድረ ገጽ በደኅና ተከፍቶ ሌላው ላይ ሲደርስ «ስታክ አደረገ» የተባለ እንደ ሆነ፣ ነገሩ በዋዛ የሚታለፍ አልነበረም።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የተለመደው ዘዴ ሁሉን ዘግቶ ኮምፒዩተሩን እንደ ገና ማስነሣት ነው፤ አንዳንዴ ይሳካል፣ ነገር ግን መንስኤውን ሳይገልጥ ስለሚያልፍ በማግሥቱ በዚያው ገጽ ላይ ያው ችግር ይደገማል። የሚሻለው አስቀድሞ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ ብራውዘሩ ሥራ በዝቶበታል ወይስ መልስ እየጠበቀ ነው?

ሥራ የበዛበትን በቶሎ መለየት ይቻላል። የአንድ ገጽ ዋና ዋና ሥራ፣ ይኸውም ጽሑፉን መደርደር፣ የጃቫስክሪፕትን ትእዛዝ መፈጸም፣ የማውሱን ጠቅታ መቀበል፣ በአንድ መሥመር ተራ በተራ የሚከናወን ስለ ሆነ፣ በገጠር ደብር ብቻውን የቀረ ዲያቆን ምንባቡን ሳይጨርስ ደወሉን ሊደውል እንደማይችል፣ ብራውዘሩም ረጅም ስሌት በያዘው ጊዜ ጠቅታውን ሊሰማ አይችልም። ብሬንደን አይክ በ1995 እ.ኤ.አ. የጃቫስክሪፕትን የመጀመሪያ መልክ ለኔትስኬፕ ኩባንያ በ10 ቀን ሲያሰናዳ፣ ዛሬ በማስታወቂያና በቪዲዮ የተጨናነቀ የዜና ገጽ ለሚጭንበት ሸክም ብሎ አልቀመረውም። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ክሮም ታቦቹን በተለያየ ሂደት ስለሚያስኬድ፣ የአንዱ ገጽ መቆም ሌሎቹን እምብዛም አያስከትልም፤ ሺፍትንና ኢስኬፕን አንድ ላይ ቢጫኑ፣ የትኛው ታብ ወይም የትኛው ኤክስቴንሽን ራሙንና ፕሮሰሰሩን እንደሚበላ በሰንጠረዥ ያሳያል። በካርቱም ደግሞ ከኤፕሪል እስከ ጁን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣና አቧራው የኮምፒዩተሩን ማራገቢያ ሲያፍን፣ ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ፍጥነቱን በገዛ ራሱ ይቀንሳልና፣ ጧት ያለ ችግር የተከፈተው ከባድ ገጽ ከቀትር በኋላ ሲቆም ሊያስደንቅ አይገባም።

መልስ መጠበቅ የተባለው ግን ረቂቅ ነው፤ በካርቱምም እኔ ይበልጥ የምጠረጥረው እርሱን ነው። ምልክቱ ገጹ ነጭ ሆኖ ወይም በከፊል ተከፍቶ ሲቀር፣ የቀሩት ታቦችና የብራውዘሩ ምናሌ ግን ሳይታወኩ መታዘዛቸው ነው። አንድ ገጽ ከአንድ ቤት ብቻ አይመጣም፤ ጽሑፉ ከአንዱ ሰርቨር፣ የፊደሉ ቅርጽ ከሌላው፣ ጎብኚ የሚቆጥረው ትእዛዝ ከሦስተኛው ይጠራል፤ ከነዚህም አንዱ በገጹ ራስ ላይ፣ ሳይመጣ ወደ ፊት እንዳይታለፍ ሆኖ ከተጻፈ፣ ብራውዘሩ እዚያው ይገታል። የተጠራው ሰርቨር «አልሰጥም» ብሎ ቢመልስ ገጹ ጎደሎም ቢሆን ይቀጥላል፤ ዝም ካለ ግን የጥበቃው ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ ተጠቃሚው ነጭ ገጽ ሲያይ ይቆያል።

ሰርቨር «አልሰጥም» የሚልበት ይህ ክልከላ በሱዳን ከፖለቲካ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። አሜሪካ በኖቬምበር 1997 እ.ኤ.አ. በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ ሶፍትዌርንም የሚነካ በመሆኑ፣ በጃንዋሪ 2010 እ.ኤ.አ. ሶርስፎርጅ የተባለው የነፃ ፕሮግራሞች ማከማቻ ለሱዳንና ለሌሎች አራት አገሮች ሰዎች በሩን ዘጋ፤ በማርች ግን የአሜሪካ ግምጃ ቤት ብራውዘርን፣ ኢሜይልንና የመሳሰሉትን ነፃ የግል መገናኛዎች ፈቀደ። ስለዚህ ብራውዘሩ ራሱ ተፈቅዶ፣ ገጹ የሚጠራቸው አንዳንድ አገልግሎቶች ተከልክለው የቀሩበት እንግዳ ዘመን ሆነ፤ ማዕቀቡ በአብዛኛው የተነሣው በ12 ኦክቶበር 2017 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ቅጣትን የፈሩ ኩባንያዎች ከሕጉ አልፈው መከልከላቸውም የታወቀ ነው።

ክልከላውን፣ ግንኙነቱን በሌላ አገር ሰርቨር በኩል በሚያሳልፈው በቪፒኤን ማለፍ ስለ ተለመደ፣ ከመድኃኒቱ ሌላ ችግር መጣ። በኢንተርኔት የሚጓዘው መረጃ በአብዛኛው ከ1500 ባይት በማይበልጥ እሽግ ሲከፋፈል፣ ቪፒኤን እያንዳንዱን እሽግ በሌላ መጠቅለያ ስለሚሸፍነው ልኩን ያሳልፈዋል፤ በመንገዱ ያለ መሣሪያም ትልቁን እሽግ ጥሎ ይህንኑ ለላኪው ሳያሳውቅ ሲቀር፣ ትንንሾቹ ገጾች እየተከፈቱ ከባዶቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። በዚህ ጊዜ ካሽ የተባለውን የተቀመጠ የገጽ ቅጂ ማጽዳትም ብራውዘር መለወጥም ከንቱ ነው፤ ቪፒኤኑን አጥፍቶ መሞከር፣ ወይም በቪፒኤኑ ማስተካከያ ውስጥ ኤምቲዩ የተባለውን ልክ ወደ 1400 ወይም ወደ 1280 ማውረድ ይገባል።

የፍተሻውም ሥርዓት ከዚሁ ይከተላል። ያንኑ ገጽ በዚያው መሥመር በሌላ ብራውዘር መክፈት፤ ከተከፈተ ጥፋቱ የመጀመሪያው ብራውዘር ነው፤ እንግዲህ በስውር መስኮት ሲሞከር ኤክስቴንሽኖቹና አሮጌው ካሽ ስለማይገቡበት፣ በፋየርፎክስም የችግር መፈለጊያው ሁነታ የሥዕል ካርዱን እገዛ ጭምር ስለሚያጠፋ፣ ጥፋተኛው ከነዚህ በአንዱ ይገለጣል። በሁለቱም ብራውዘር ከቆመ፣ መሥመሩን ከዛይን የስልክ ኩባንያ ወደ ሱዳኒ በስልክ ሆትስፖት ለውጦ ማየት ነው፤ በፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. በሱዳን ጦርነት መካከል የዛይን፣ የሱዳኒና የኤምቲኤን መሥመሮች ሲጠፉ እንደ ሆነው፣ የሚለወጥበት ሌላ መሥመር ካልታጣ በቀር።

ይህ ሁሉ ምርመራ ይበልጥ የሚያስፈልገው በዲቪ ወራት ነው። ፎርሙ ለመሙላት 60 ደቂቃ ብቻ ይሰጣል፣ ፎቶግራፉም 600 በ600 ፒክስል ሆኖ ከ240 ኪሎባይት እንዳይበልጥ ያዝዛል፤ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም በመጨረሻው ሳምንት ድረ ገጹ ሊዘገይ እንደሚችል አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ከአንድ በላይ ማመልከቻ የገባለት ሰው ሁሉም ስለሚሰረዝበት፣ ገጹ ሲቆም የመላኪያውን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ከመዘግየቱ የከፋ ጉዳት ያመጣል፤ አስተዋይ የኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ የደንበኛውን እጅ ከማውሱ ላይ አስነሥቶ፣ ሌላውን ታብ ገልጦ የሚታዘዝ መሆኑን አስቀድሞ ያያል።