የዋሽንግተን ሜትሮ ሐዲድ እንዴት ይጠገናል?

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ለሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ «ቅዳሜና እሁድ ባቡር የለም፤ በአውቶቡስ ተሳፈሩ» የሚል ማስታወቂያ እንግዳ አይደለም። ያኔ ከተዘጋው ጣቢያ ወዲያ ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው ተሳፋሪ ግን ጥቂት ነው።

ሜትሮ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በማርች 1976 ነው። ዛሬ ስድስት መስመሮችና 98 ጣቢያዎች አሉት። የጥገናው ፈተና የሚጀምረው ከአሠራሩ ነው፤ ከሞላ ጎደል በሁሉም ቦታ ያለው አንድ መሄጃና አንድ መመለሻ ብቻ ነው። በኒውዮርክ ብዙ መስመሮች ሦስትና አራት መንገድ ጎን ለጎን ስለተዘረጋ፣ አንዱ ሲጠገን ባቡሩ በሌላው ያልፋል። በዋሽንግተን ግን አንዱ ከተዘጋ የሁለቱም አቅጣጫ ባቡሮች በቀሪው ላይ ተራ እየጠበቁ ይተላለፋሉ።

በመሬት ገጽ ላይ ባለው መንገድ መጀመሪያ ጠጠር ይነጠፋል፣ በጠጠሩ ላይ አግዳሚ እንጨቶች ይደረደራሉ፣ ሐዲዱ በእነሱ ላይ ይታሰራል። በዋሻ ውስጥ ደግሞ ሐዲዱ የሚታሰረው በኮንክሪት ላይ ነው። በጎን በኩል 750 ቮልት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ሦስተኛው ሐዲድ ይዘረጋል።

ሁሉም የየራሱ ሕመም አለው። እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ጠጠሩ በጭቃ ይሞላና ውሃ ማሳለፍ ያቆማል፤ ብረቱ ይበላል፣ ከውስጥም ይሰነጠቃል። ወደ ዋሻው የሚሰርገው ውሃ ማሰሪያዎቹን ያዝጋል፣ የኤሌክትሪክ ገመዱንም ያበላሻል። ሙቀትም ሌላ ጠላት ነው፤ ተበይዶ የተቀጣጠለው ሐዲድ በፀሐይ ሲለጠጥ መውጫ ስለሚያጣ ይጣመማል። በጁላይ 2012 በአረንጓዴው መስመር አንድ ባቡር ከሐዲድ የወጣው በዚሁ ምክንያት ነበር። በብርቱ ሙቀት ቀን ባቡሮች ቀስ ብለው የሚሄዱትም ለዚህ ነው።

ጉድለቱን ለማግኘት ተቆጣጣሪዎች መንገዱን በእግራቸው እየሄዱ ያያሉ። ልዩ የመለኪያ ተሽከርካሪ የሐዲዱን ስፋትና ደረጃ ይለካል፤ የተሰወረ ስንጥቅ በአልትራሳውንድ ይፈለጋል። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው መደበኛ ስፋት 1429 ሚሊሜትር ነው፤ ከልክ በላይ ሲሰፋ የባቡሩ መንኮራኩር ወደ ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ የበሰበሰው እንጨት ተስቦ ይወጣና አዲስ ይገባል። ሌላ ማሽን ሐዲዱን ከነእንጨቱ ቀና አድርጎ ይይዝና በሚንቀጠቀጡ የብረት ጣቶች ጠጠሩን ከሥር ይጠቀጥቃል። የሐዲዱ ገጽ ይሞረዳል፤ የተበላውም ተቆርጦ በአዲስ ይተካል።

ትልቁ እጥረት ጊዜ ነው። ባቡሮቹ ሌሊት ሲቆሙ ኃይሉ ይቋረጣል፣ መቋረጡም ይረጋገጣል፤ ሠራተኛውና መሣሪያው ወደ ሥፍራው ይጓጓዛል። ከንጋቱ በፊት ሁሉም ተነስቶ መውጣት አለበት። ለሥራው የሚተርፈው ሰዓት ትንሽ ነው፤ ሜትሮም ለዓመታት አርብና ቅዳሜ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ያገለግል ስለነበር ያችው ትንሽ ይበልጥ አንሳ ነበር።

ዋጋው በኋላ ተከፈለ። በጃንዋሪ 2015 ላንፋን ፕላዛ ጣቢያ አጠገብ በኤሌክትሪክ ብልሽት የተነሳ ጭስ ዋሻ ውስጥ የቆመ ባቡር ሞልቶ አንዲት ተሳፋሪ ሞተች። በማርች 2016 በተመሳሳይ ብልሽት እሳት ሲነሳ ሜትሮ ሙሉ ቀን ተዘግቶ 600 ያህል የኤሌክትሪክ ገመዶች ተፈተሹ፤ 26 ቦታ ላይ ጉዳት ተገኘ። በዚያው ዓመት ጁን የተጀመረው ሴፍትራክ የተባለ ዘመቻ የሦስት ዓመት ሥራ በአንድ ዓመት ለመጨረስ መስመሮችን እየከፈለ ይዘጋ ጀመር።

ዘመቻው እየተካሄደ ሳለ ግን በጁላይ 2016 ኢስት ፎልስ ቸርች ጣቢያ አጠገብ እንጨቱ በስብሶ ስፋቱ ከልክ ስላለፈ አንድ ባቡር ከሐዲዱ ወጣ። በማጣራቱም የፍተሻ መዝገቦች ሐሰት ሆነው ተገኙ፤ ተቆጣጣሪዎችም ተባረሩ። ዘመቻው በ2017 ሲያልቅ ሜትሮ የአገልግሎት ሰዓቱን አሳጥሮ በሳምንት ስምንት ተጨማሪ የጥገና ሰዓት አገኘ።

ሐዲድ በዕቅድ ካልተዘጋ በአደጋ ይዘጋል። ስለዚህ የቅዳሜና እሁዱ መዘጋት የአገልግሎቱ አካል እንጂ ጉድለቱ አይደለም። ተሳፋሪው ማስታወቂያውን ቀድሞ አይቶ ለአውቶቡሱ ጊዜ ይያዝ፤ ከመሥሪያ ቤቱ ደግሞ ፍተሻው በእውነት መደረጉን ይጠይቅ።