ቱናው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው

ጾም በገባ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ቱና ስሠራ ለምን ይደርቅብኛል? ሽታውስ ለምን ይከብዳል?» ዛሬ ረጋ ብዬ ልመልስ። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ እኔ የምጽፈው ለሚበላው ሰው ነው።

ቤት ተከራይቼ ብቻዬን መኖር የጀመርኩ ሰሞን ቱናን የምሠራው እንደ ሥጋ ወጥ ነበር። ሽንኩርቱን ቶሎ ቶሎ አቁላላና በርበሬ ጨምሬ፣ ጣሳውን እንዳለ ገልብጬ ግማሽ ሰዓት አንተከትከዋለሁ። ዓሣው ተበታትኖ ሰጋቱራ ይመስላል፣ ሽታው ደግሞ መጋረጃው ላይ ያድራል። አረብ ሀገር ሰው ቤት ብዙ ዓመት የሠራች ጎረቤት ነበረችኝ። አንድ ቀን ቀምሳ፣ «እህቴ፣ ይሄ እኮ በስሎ ነው የመጣልሽ። ምን ልሁን ብለሽ ነው እንደገና የምትቀቅይው?» አለችኝ።

ልክ ነበረች። ቱና ፋብሪካ ሲገባ መጀመሪያ በእንፋሎት ይበስላል፤ አጥንቱና ቆዳው ወጥቶ ጣሳ ውስጥ ይገባል። ጣሳው ከታሸገ በኋላ ደግሞ ከ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት እንደገና ይበስላል። ያለ ፍሪጅ ዓመታት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። እንደ ቆሮሶ ወይም እንደ አምባዛ ጥሬ ዓሣ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ በስሏል። እናንተ ጋ ሲደርስ የሚፈልገው ማጣፈጫና ትንሽ ሙቀት ብቻ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስታበስሉት የቀረችውን እርጥበት ታወጡበታላችሁ።

ስለዚህ ድካማችሁን ሁሉ ቁሌቱ ላይ አውሉት። ለሁለት ሰው አንድ ጣሳ ይበቃል፤ ከ160 እስከ 185 ግራም የሚለውን ማለቴ ነው። ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉ፤ ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አቁላሉት። እዚህ ጋ አትቸኩሉ፤ ሽንኩርቱ ቀልጦ ጣፋጭ ሽታ እስኪሰጥ ጠብቁት። ከዚያ ዘይት። የገዛችሁት ቱና በዘይት የታሸገ ከሆነ የጣሳውን ዘይት አትድፉት፤ ጣዕሙን ይዟል፣ ዘይትም በተወደደበት ጊዜ መጣሉ ያሳዝናል። ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ ቀጥሎ የተከተፈ ሁለት ቲማቲም። ዘይቱ ዳር ዳሩን ወጥቶ ሲያብረቀርቅ ስልሱ ደርሷል ማለት ነው።

አሁን እሳቱን አጥፉ። ቱናውን በሹካ ከፈል ከፈል አድርጋችሁ ከላይ አስቀምጡ፤ በማማሰያ አትፍጩት። ከታች ወደ ላይ ሁለቴ ብቻ አገላብጡና ሁለት ደቂቃ ክደኑት። ሎሚ ጭመቁበት፤ ሽታ ለሚከብደው ሰው ከሎሚ የተሻለ መፍትሔ አላገኘሁም። ቃሪያ ከትፋችሁ ነስንሱበት። ጨው የመጨረሻ ነው፣ ቀምሳችሁ፤ ቱናው ከፋብሪካ ጨው ይዞ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ምንም አልጨምርም። በውሃ የታሸገውን ግን አጥልሉት፣ አለበለዚያ ስልሱን ያቀጥነዋል።

ፓስታ በቱና የምትወዱ፣ ስልሱ ያው ነው፤ ፓስታው ከተቀቀለበት ውሃ ግማሽ ጭልፋ ስልሱ ላይ ጨምሩና ከፓስታው ጋር አዋሕዱት፤ ቱናው ከዚያ በኋላ ይግባ።

ለዳቦ ግን እሳት አትንኩ። ለጾም ማዮኔዝ አይሆንም፤ እንቁላል አለበት። በሱ ፈንታ ሰናፍጭ አድርጉ! ሁለት ማንኪያ ሰናፍጭ፣ የደቀቀ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ የተጠለለ ቱና። ሰናፍጩ አፍንጫ ላይ ወጣ ሲል የዓሣው ሽታ ጭራሽ አይታወቃችሁም። ለኔ ከማዮኔዙ ይበልጥብኛል፣ በፍስክም ቢሆን።

ነፍሰ ጡር ለሆናችሁ እህቶቼ፦ ቱና ሜርኩሪ ስላለው በየቀኑ አይበላም። ስትገዙ ስኪፕጃክ የሚለውን ምረጡ፤ አልባኮር ከሚባለው ነጭ ቱና ያነሰ ሜርኩሪ ነው ያለው። ለሁላችሁም ደግሞ፣ ያበጠ ወይም የሚያንጠባጥብ ጣሳ በቅናሽም ቢሆን አትግዙ።

ከተከፈተ በኋላ የተረፈውን ጣሳው ውስጥ አትተዉት፤ ክዳን ባለው ዕቃ ገልብጣችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡና በሦስት ቀን ውስጥ ጨርሱት። እኔ ማታ ስልሱን አበዛና ግማሹን ቱና ሳልጨምርበት አስቀራለሁ። ጠዋት እሱን በትንሽ ውሃ አሙቄ ያደረ እንጀራ እፈረፍርበታለሁ፤ የተረፈውን ቱና ከነቃሪያው ከላይ ጣል አድርጌ ድስቱን ከእሳት አወርዳለሁ።