መሬቱ ነው የሚጮኸው

አሶሳ ዙሪያ ወርቅ ፍለጋ ለሚወጡ ወጣቶች የብረት መፈለጊያ ዲቴክተር አጠቃቀም ሳሳይ፣ ቀድሞ የሚመጣው ቅሬታ ሁልጊዜም አንድ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ማሽን ተበላሽቷል፤ ዝም ብሎ ይጮሃል።» ማሽኑን ተቀብዬ ጫፉ ላይ ያለውን ኮይል መሬቱ ላይ አንድ ሁለቴ ከፍ ዝቅ አደርገዋለሁ። ወደ መሬት ሲጠጋ ይጮሃል፤ ከመሬት ሲርቅ ዝም ይላል። ማሽኑ ምንም አልሆነም፤ የሚጮኸው መሬቱ ነው።

ልጆቹ ለዚህ የራሳቸው መድኃኒት አላቸው። ወይ ሴንሲቲቪቲውን ይቀንሳሉ፤ ወይ ኮይሉን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው ይዘው ይሄዳሉ። በሁለቱም ጩኸቱ ይጠፋል፤ ወርቁም አብሮ ይጠፋል። ትንሽ ብረት ከኮይሉ በራቀ ቁጥር የሚመልሰው ሲግናል ክፉኛ ይደክማል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሲግናሉ በግማሽ ሳይሆን ወደ 64ኛ እጅ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ኮይሉን አንድ ስንዝር ያነሳ ሰው፣ ብዙ ብር ካወጣበት ማሽን ውስጥ ጥልቀቱን በገዛ እጁ ጥሎታል። እኔ ከሚጮኽ ማሽን ይልቅ እንዲህ ተደርጎ ዝም ያሰኙት ማሽን ያሰጋኛል። የሚጮኸው ቢያንስ ያናድዳል፣ ሰው ያስማክራል። ዝም ያለው ግን ወርቅ ላይ ሲያመላልስ አውሎ «ቦታው ባዶ ነው» ያስብላል።

የቤኒሻንጉል ቀይ አፈር ቅላቱን ያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው። ወርቅ በገበቴ ያጠበ ሰው ደግሞ መጨረሻ ላይ ከሥር የሚቀረውን ጥቁር አሸዋ ያውቀዋል፤ ማግኔት ሲያስጠጉት ከፊሉ ተነስቶ ይለጠፋል። ማግኔታይት ነው። ኮይሉ ወደ መሬት የሚልከው መግነጢሳዊ መስክ ወርቁ ጋ ብቻ አይደርስም፤ ይሄ ሁሉ አፈርም ይመልስለታል፤ ያውም ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ ወርቅ ከምትመልሰው እጅግ የጎላ መልስ። ደግነቱ የአፈሩና የወርቁ መልስ በጊዜ ጥቂት ይቀዳደማሉ። ይህን ልዩነት ባለሙያዎች «ፌዝ» (phase) ይሉታል። ማሽኑ የቆምንበትን አፈር ፌዝ ከያዘ ያንን ቀንሶ የቀረውን ያሰማናል። ግራውንድ ባላንስ የሚባለው ይኸው ነው።

በእጅ ለመሥራት መጀመሪያ ንጹሕ መሬት ይፈለጋል። ዶማው ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ስልኩ ከኪስ ይውጣ፤ ጫፉ ላይ ብረት ያለው ጫማም አይሁን። ይሄን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ። ግን የስልኩ ፈልሳፊ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ራሱ በ1881 እ.ኤ.አ. በጥይት የቆሰለውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን ሰውነት በሠራው መሣሪያ ሲፈትሽ ጥይቱን ሳያገኝ ቀርቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ የሚነገረው የአልጋው የብረት ሽቦ ነው። ሐኪሙም ቢሆን ያስፈተሸው ጥይቱ የሌለበትን ጎን ነበር፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ቦታው ከተገኘ በኋላ ብረት የሚለየውን ዲስክሪሚኔሽን አጥፍቶ፣ ሁሉንም ብረት በሚያሰማው ሞድ ላይ ማድረግ ነው። መነሻ ድምፁ ሩቅ ያለች ትንኝ ያህል ይሰማ፤ ጨርሶ ከጠፋ የምናዳምጠው ነገር አይኖርም። ከዚያ ኮይሉን ከመሬት ጋር ትይዩ አድርጎ፣ ሊነካው እስኪል ማውረድና አንድ ስንዝር ያህል ማንሳት፣ ደግሞ ማውረድ። እዚህ ላይ ብዙዎቹ ይቸኩላሉ፤ ኮይሉን ሊጥ እንደሚደበድብ ሰው ያንጣጡታል። በእርጋታ ነው። ሲወርድ ድምፁ ከፍ ካለ ባላንሱ ወደ አንድ ወገን አልፏል፤ ሲነሳ ከፍ ካለ ወደ ሌላው። ቁልፉ ወዴት እንደሚዞር ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ የማሽኑን መመሪያ ማየት ነው። ሲወርድም ሲነሳም ድምፁ ሳይለወጥ እስኪቆይ በጥቂት በጥቂቱ ማስተካከል። እኔ ትንንሽ ወርቅ ስፈልግ እዚያ ላይ አላቆምም። ሲወርድ ድምፁ እጅግ በጥቂቱ ከፍ እንዲል አድርጌ እተወዋለሁ፤ ደካማ ሲግናል እንዲህ ሲሆን ይበልጥ ይሰማል።

ከ0 እስከ 99 ቁጥር የሚያሳዩ እንደ ፊሸር ያሉ ማሽኖች ያሏቸው ሰዎች ቁጥሩን ቢያነቡት ብዙ ይነግራቸዋል። ቀይና ቡናማ፣ ብረት ያለበት ሸክላ አፈር ከ40 እስከ 75 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ጥቁር ማግኔታይት ወደ 75 እና 95 መካከል ይሄዳል። እርጥብ ጨዋማ መሬት ከ10 በታች ነው። ቁጥሩ ከ5 እስከ 25 መካከል ከመጣ ግን እኛ አገር ኮረብታ ላይ ጨው አይጠረጠርም፤ ሚስማር ወይም የተጣለ ቁራጭ ብረት ላይ ቆመን ነው ባላንስ የምንሠራው። ሁለት ሦስት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ እንደገና መጀመር ነው። አንድ ነገር ግን እዚህ ይምታታል። ቁጥሩ የሚናገረው የአፈሩን ዓይነት እንጂ ማዕድኑ ምን ያህል እንደበዛ አይደለም። 85 ያሳየ መሬት የግድ ከ60ው ይከብዳል ማለት አይደለም፤ ብዛቱን የሚያሳየው ማሽኑ ላይ ያለው ሌላ መለኪያ ነው።

«አውቶው እያለ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል አይጠፋም። አውቶ መጥፎ አይደለም። አፈሩ በየእርምጃው በሚለዋወጥበት ቦታ እኔም እጠቀምበታለሁ። ችግሩ አንድ ደካማ ሲግናል ሰምተን ለማረጋገጥ ኮይሉን እዚያው ላይ ስናመላልስ ይመጣል። ማሽኑ አፈሩን እከተላለሁ ብሎ ያቺን ወርቅ ራሷን እንደ አፈር ቆጥሮ ሊቀንሳት ይችላል። በአራተኛው በአምስተኛው ምልልስ ድምፁ ይጠፋል፤ ሰውየውም «ውሸት ነበር» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ አጠራጣሪ ድምፅ ሲሰማ ባላንሱን መቆለፍ ያስፈልጋል።

ተማሪዎቼን ብዙ ጊዜ የማቆማቸው ከሰል የተከሰለበት ቦታ ላይ ነው። ዓይን የሚያየው ከዙሪያው ያን ያህል የማይለይ አፈር ነው፤ ዝናብ አመዱን አጥቦታል፤ ሳር በቅሎበታል። ኮይሉ ግን ጠርዙን ሲሻገር ድምፁ ይነሳል። እሳት፣ የበሰበሰ ቅጠልና ሥር ባለበት አፈር ላይ ሲነድ፣ ማግኔት እምብዛም የማይስበውን የብረት ኦክሳይድ ማግሄማይት ወደሚባል ማግኔት ወደሚስበው ይለውጠዋል። በበጋ ሳር በሚቃጠልበት አካባቢ ጎረቤት ሆነው የተለያየ ድምፅ ያላቸው መሬቶች የሚገጥሙን በከፊል ለዚህ ነው። ከቀዩ ዳገት ወርደው ጥቁር አሸዋ ያለበት ወራጅ ውሃ ዳር ሲደርሱም እንዲሁ ነው። ጠዋት የተሠራው ባላንስ እዚያ አይሠራም፤ ቆሞ እንደገና ማስተካከል ይጠይቃል። በተለይ ከአንዱ አፈር ወደ ሌላው መሻገሪያው ላይ ሰው ይሰለቻል፤ ምክንያቱም በየጥቂት ሜትሩ መቆም ነው።

ወደ አጠራጣሪው ድምፅ ስመለስ፣ እኔ የማደርገው ይሄን ነው። ድምፁ ከሚሰማበት አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ እልና እዚያው አፈር ላይ ባላንሱን አድሼ እመለሳለሁ። ከጠፋ አፈር ነበር። ካልጠፋ ላዩን በእግሬ ሁለት ጣት ያህል ጠርጌ እንደገና አዳምጣለሁ። የደከመ ከሆነ ከላይ የነበረ፣ ማሽን የሚያስጮህ ድንጋይ ወይም አፈር ነው፤ ከጠረግሁት አፈር ጋር ሄዷል። ከበረታ ግን ቆፍሩ እላቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ቆርኪ ወይም የጥይት ቀለሃ ነው፤ ቢሆንም ይቆፈራል።