ይሉኝታና የሮቦት ጥናት ፈቃደኞች

ዩኒቨርሲቲዎች ለሮቦት ጥናት የሚጠሩት ፈቃደኛ የማሽን ዕውቀት አይጠየቅም፤ የጥናቱን ዓላማ ሰምቶ በፊርማው ከተስማማ በኋላ ከሮቦቱ ጋር ጥቂት ጊዜ ቆይቶ የተሰማውን ይናገራል። በ2010 ዓ.ም. አይኮግ ላብስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት በሶፍትዌሯ ሥራ የተሳተፈባት ሮቦት ሶፊያ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ሕዝቡ በአድናቆት ተመልክቷታል፤ የጥናት ተሳታፊ ግን ከአድናቆት ይልቅ ምስክርነት ይጠበቅበታል።

የምስክርነቱ ትልቁ ጠላት ይሉኝታ ነው። አካልን በሚለካ ጥናት ይህ ችግር አያሰጋም፤ ለምሳሌ አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያን ደገኞችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ አየሩ ስስ ቢሆንም የሰዎቹ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩ ሰዎች መጠን ብዙም እንደማይርቅ አሳይተዋል፤ የተመርማሪዎቹ ጨዋነት በደማቸው ውጤት ላይ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም አልነበረም። በሮቦት ጥናት ግን አንዱ ዋና መለኪያ የተሳታፊው ቃል ስለሆነ፣ ከገነተ ማርያም ወይም ከሌላ የላስታ መንደር ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ በሰው ፊት «አልወደድሁትም» ማለት ነውር መሆኑን በቤቱ የተማረ ወጣት፣ ጥያቄውን በቅጡ ያልሰማለትን ሮቦት «በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ሲያልፍ ጉድለቱ ተሸፍኖ ይቀራል።

ይሉኝታ የሐበሻ ብቻ ጠባይ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ተሳስተዋል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ክሊፎርድ ናስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ሙከራ፣ ተሳታፊዎቹ በኮምፒውተር ከተማሩ በኋላ ስለ ማሽኑ ሲጠየቁ፣ ጠያቂው ያው ያስተማራቸው ኮምፒውተር ሲሆን የሰጡት አስተያየት በሌላ ኮምፒውተር ወይም በወረቀት ከሰጡት ይልቅ የለዘበ ሆኖ ተገኝቷል። ስሜት የሌለውን ዕቃ ላለማስቀየም የሚጠነቀቅ ሰው፣ ዓይንና ድምፅ ላለው ሮቦት ምን ያህል ሊራራ እንደሚችል መገመት አያዳግትም፤ ስለዚህም ጠንቃቃ ተመራማሪ መጠይቁን ከሮቦቱ ፊት ባያስሞላ ይመረጣል።

አንዳንድ ጊዜ ሮቦቱን ከመጋረጃ ጀርባ የሚያናግረው የተሰወረ ሰው ሲሆን፣ ምሥጢሩም ለተሳታፊው ከሙከራው በኋላ ይገለጽለታል፤ በዚህ ተታለልሁ ብሎ ማፈር አይገባም። ይልቅ የሚያስወቅሰው፣ ፈቃደኛው ምክንያት ሳይሰጥ አቋርጦ የመውጣት መብት እያለው፣ ተመራማሪውን ላለማሳፈር ሲል እየሰለቸው እስከ መጨረሻው መቀመጡ ነው፤ እንዲህ ያለው ተሳታፊ፣ ሮቦቱ ሰውን ማሰልቸት የጀመረው በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ ለማወቅ የተሰናዳውን ጥናት መልስ ያሳጣዋል።