መብራቱንና ሸራውን የሚያዝዘው ፕሮጀክተር

ፊልም ለማየት ሲኒማ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ይህን ሥርዐት ያውቀዋል። መጀመሪያ መብራቱ ይደበዝዛል፤ ቀጥሎ መጋረጃው ይገለጣል፤ ከዚያ በኋላ ሥዕሉ ከሸራው ላይ ይታያል። በድሮ ጊዜ ይህ ሁሉ የሰው እጅ ሥራ ነበር። ኋላ ግን፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመታት፣ ከፊልሙ ጠርዝ ላይ ቀጭን የብረት ወረቀት እየለጠፉ፣ ያ ምልክት በመኪናው ውስጥ ሲያልፍ መብራቱና መጋረጃው በየተራቸው እንዲታዘዙ የሚያደርግ ብልኃት በብዙ አገር ተስፋፋ።

ዛሬ በስብሰባ አዳራሽ፣ በትምህርት ቤትና በመኖሪያ ቤት ያለው ፕሮጀክተር ይህንኑ አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል። የአንዳንዶቹን፣ በተለይም ለፊልም ማሳያ የተሠሩትን፣ ጀርባ ዞሮ የተመለከተ ሰው የጆሮ ማዳመጫ ከሚሰካበት ጋር የምትመሳሰል ትንሽ ቀዳዳ ያገኛል፤ በአጠገቧም «ትሪገር» ወይም «12 ቮልት» ተብሎ ተጽፎባታል። ፕሮጀክተሩ ሲበራ ከዚህች ቀዳዳ 12 ቮልት ይወጣል፤ ሲጠፋም ይቋረጣል። ሸራውን የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ ይህን ምልክት ሲያገኝ ያወርዳል፤ ሲያጣም ይጠቀልላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ይህ 12 ቮልት መልእክት ነው እንጂ ጉልበት አይደለም። የሚሰጠው ኃይል ከአንድ አምፔር እጅግ የሚያንስ ስለ ሆነ፣ የሸራውን ሞተር ላዙርበት ቢሉ አይሆንም፤ ምናልባትም ፕሮጀክተሩን ራሱን ያበላሻል። በመካከላቸው ሪሌ የሚባለው፣ በትንሽ ኃይል ታዝዞ የ220 ቮልቱን መሥመር የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ መግባት አለበት። ይህንንም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢያስገባው ይሻላል፤ 220 ቮልት የእጅ መለማመጃ አይደለም።

ከዚህ የከፋው ግን፣ አዳራሹን በአንድ ቁልፍ ለማዘዝ ሲሉ የፕሮጀክተሩን ኤሌክትሪክ ከግድግዳው መቁረጥ ነው። የሜርኩሪ አምፑል ያለበት ፕሮጀክተር በሥራ ላይ ሳለ በአምፑሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከ200 አትሞስፌር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ሙቀቱም እጅግ ብርቱ ነው። ስለዚህ «ጥፋ» ሲባል መብራቱን አጥፍቶ፣ ማራገቢያውን ለጥቂት ጊዜ እያዞረ ራሱን ያቀዘቅዛል። ይህን ፋታ የነሡት እንደ ሆነ የአምፑሉ ዕድሜ ያጥራል፤ ወዲያው ላብራው ቢሉም እስኪበርድ ድረስ እንቢ ይላል። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ባትሪ ያለውን ዩፒኤስ ማዘጋጀት ቅንጦት አይደለም። በሌዘርና በኤልኢዲ የሚሠሩት አዲሶቹ በዚህ በኩል ጭንቀታቸው ያነሰ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ፕሮጀክተሩን ጠይቆ መሥራት ነው። አርኤስ-232 የተባለው መሥመር፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ደንቡ የወጣለት ሽማግሌ ቢሆንም፣ ዛሬም ከብዙዎቹ ጀርባ ይገኛል። በ3 ቀጫጭን ሽቦዎች ትእዛዝ ወስዶ መልስ ያመጣል። ችግሩ እያንዳንዱ ፋብሪካ የየራሱን ቋንቋ ማናገሩ ነው። ይህን ለማቃለል የጃፓን የቢሮ መሣሪያ ፋብሪካዎች ማኅበር ፒጄሊንክ የተባለውን የጋራ ቋንቋ አወጣ፤ በኮምፒዩተር ኔትወርክ ላይ በ4352 ቁጥር በር ይሠራል። በዚህ ቋንቋ «በርተሃልን?» ተብሎ የተጠየቀ ፕሮጀክተር በቁጥር ይመልሳል። 0 ቢል ጠፍቻለሁ፣ 1 ቢል በርቻለሁ፣ 2 ቢል እየቀዘቀዝሁ ነኝ፣ 3 ቢል እየሞቅሁ ነኝ ማለቱ ነው። አዳራሹን የሚቈጣጠረው መሣሪያ 2ን የሰማ እንደ ሆነ ሸራውን ጠቅልሎ የአዳራሹን መብራት ይመልሳል፤ የፕሮጀክተሩን ኤሌክትሪክ ግን 0 እስኪሰማ ድረስ አይነካም።