ሲጋራን የማቆም የመጀመሪያ ቀናት በቡና አገር



በመቱ ከተማ ዝናብ በበረታ ጊዜ ቤተ ሰብ ሁሉ ጀበናውን ከብቦ ይውላል። ዕጣኑ ይጤሳል፤ ቆሎው ይቀርባል፤ አቦሉም ይቀዳል። በዚያ ሰዓት ሲጋራ የለመደ አባወራ በቤቱ ቢኖር፣ ሲኒውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ኪሱን ሲዳብስ ይታያል። ይህ አባወራ ከሳሉ ብርታት ወይም ከልጆቹ ልመና የተነሣ «ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ» ቢል፣ ቃሉ እጅግ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ቃሉን የሚፈትኑት ተከታዮቹ ጥቂት ቀናት ስለ ሆኑ፣ እርሱም ቤተ ሰቡም ምን እንደሚመጣ አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል።

ትምባሆ በአገራችን ሲያከራክር የኖረ ነገር ነው። ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን በጥብቅ ከልክለው እንደ ነበር፣ ቅጣቱም አካል እስከ መቁረጥ ይደርስ እንደ ነበር ይተረካል። ሆኖም በደቡብ ምዕራብ አገራችን በቅል የተሠራው ጋያ ከብዙ ሽማግሎች እጅ አልጠፋም፤ ኋላም ሲጋራ በየሱቁ ገባ። ጢሱ በውኃ ውስጥ ማለፉ ጉዳቱን ያስቀራል ብለው የሚያምኑ አሉ፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ እንደሚባለው፣ ሰውን አስሮ የሚይዘው በትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን የተባለው ቅመም ነው። ሳንባንና ልብን የሚያጠፋው ግን በአብዛኛው ጢሱ ነው፤ በውስጡ ከ7,000 የሚበልጡ ቅመሞች ሲኖሩ፣ 70 ያህሉ ነቀርሳ የሚያመጡ ናቸው።

እስራቱ ሌላ፣ ገዳዩ ሌላ ስለ ሆነ፣ ሁለቱን ለመለየት ያሰቡ ሰዎች ተነሡ። ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ቀማሚ፣ ራሱም አጫሽ የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ዛሬ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚባለውን መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው ትምባሆ አያቃጥልም፤ ኒኮቲን ያለበትን ፈሳሽ በባትሪ ኃይል አሙቆ እንፋሎት ያደርገዋል። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ስልክ ደውሎ «እኔ የተላቀቅሁት በዚህ ነው» ቢል ሐሰት ተናገረ አይባልም። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 ለ1 ሚሊዮን አጫሾች ይህንኑ መሣሪያ ከምክር ጋር በነፃ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። በምርምርም ብዙዎችን ከሲጋራ እንዳላቀቀ ታይቷል። የዓለም የጤና ድርጅት ግን በዚያው ዓመት ወጣቶችን በአዲስ ሱስ እንዳያጠምድ መንግሥታት ቁጥጥራቸውን ያጠብቁ ዘንድ አስጠነቀቀ።

በአገራችን ይህ መንገድ በሕግ የተዘጋ ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን መሸጥና ወደ አገር ማስገባት ከልክሏል፤ እንዲሁም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ፣ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥም እንዳይጨስ ደንግጓል። ስለዚህ በመቱ፣ በጎሬ ወይም በበደሌ ያለ ሰው ከዘመዱ የሰማውን ምክር እንዳለ ሊከተለው አይችልም። በድብቅ የገባ ዕቃ ቢያገኝ እንኳ በውስጡ ምን እንዳለ የሚመሰክርለት የለም። እንፋሎቱን ከሲጋራው ጋር ደርቦ የሚወስድ ሰው ደግሞ ጢሱን ስላልተወ ትርፉ እጅግ ጥቂት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በምን እንለፋቸው? በቅድሚያ መልካሙን ዜና እንናገር። የመጨረሻዋ ሲጋራ ከጠፋች ከ20 ደቂቃ በኋላ የልብ ትርታ መርገብ ይጀምራል፤ በአንድ ቀን ውስጥም ከጢሱ የተወረሰው መርዘኛ አየር ከደም ይጠራል። ነገር ግን ኒኮቲኑም አብሮ ስለሚወጣ፣ ሰውዬው ይበሳጫል፤ እንቅልፍ ያጣል፤ ሐሳቡ ይበታተናል፤ ምግብም ያምረዋል። ይህ ሁሉ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይበረታል፤ ከዚያ ጥቂት በጥቂት እየቀለለ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ አብዛኛው ያልፋል። የሲጋራ አምሮት በመጣ ጊዜም ዘላለም የሚቆይ ቢመስልም፣ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚበርድ ነው።

አሁን ለቡና አገር ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመውን ነገር እንናገር። የትምባሆ ጢስ ጉበትን ስለሚያነሣሣ፣ አጫሽ ሰው የቡናን ኃይል ከማያጨሰው በእጥፍ ያህል ፍጥነት ከሰውነቱ ያስወግዳል። ሲጋራውን በተወ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉበቱ ወደ ቀድሞ ዝግታው ይመለሳል። ስለዚህ ያንኑ የለመደውን ያህል ሲኒ ቢጠጣ፣ ቡናው በሰውነቱ ውስጥ እጅግ ይከማቻል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ልቡ ይመታል፤ ሌሊቱንም ዓይኑ ሳይከደን ያድራል። ሰውዬው ግን ይህን ሁሉ ሲጋራ ያጣበት ቅጣት አድርጎ ስለሚቈጥረው፣ ወደ ሲጋራው ይመለሳል። ይህ በጢሱ እንጂ በኒኮቲኑ የሚመጣ ስላልሆነ፣ በውጭ አገር ወደ እንፋሎት የዞረውንም ሰው ያገኘዋል።

በመቱና በያዩ ቡና ተው ማለት ከጎረቤት ተለይ ማለት ነው፤ የያዩ የቡና ጫካ እንኳ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ ነው። ስለዚህ ተው አንልም። ብርቱውን አቦል አሳልፎ ቶናውንና በረካውን ቢጠጣ፣ ከማኅበሩ ሳይለይ የቡናውን ኃይል ይቀንሳል። ከቀትር በኋላ ያለውን ቡና ለጥቂት ሳምንታት ቢተው ደግሞ እንቅልፉ ይመለስለታል። ሥራ የፈታችው እጅም ከቆሎው ሰሐን ጋር ትወዳጅ። ሲጋራና ክብሪት ከቤት ይውጡ፤ መጠጥ ቤትም በዚያ ወራት ይቅር፤ ብዙዎች የተመለሱት በአንድ ብርጭቆ ምክንያት ነውና። ረቡዕና ዓርብን እስከ 9 ሰዓት መጾም የለመደ ሰው፣ ሰውነት ቢጠይቅም መታገሥ እንደሚቻል አስቀድሞ ያውቃል፤ ያንኑ ትዕግሥት ለዚህም ያውለው።

በቀን ብዙ ሲጋራ ያጨስ የነበረ ሰው ብቻውን ቢታገል ሊከብደው ይችላል። በቆዳ ላይ የሚለጠፍና በአፍ የሚታኘክ የኒኮቲን መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዶ መኖሩን ቢጠይቅና ምክር ቢቀበል ነውር የለበትም።

በመጨረሻ ለቤተ ሰብ አንድ ቃል አለን። በ3ኛው ቀን አባወራው በጨው ማነስ ሲቆጣ፣ ልጆቹም ፈርተው ጥግ ሲይዙ፣ ባለቤቱ «ይልቅስ አንዲቱን አጭሰው ሁላችንም ባረፍን» ለማለት ትፈተናለች። እንዲህ ማለቷ ከፍቅርና ከድካም የመጣ ነው፤ ነገር ግን ያች አንዲት ሲጋራ 3 ቀን የተደከመበትን ትሽራለች። እርሱም «ይህ ቁጣ የእናንተ ጥፋት አይደለም» ብሎ አስቀድሞ ይንገራቸው፤ ቁጣው ሲመጣም ወደ ደጅ ወጥቶ ጥቂት ይራመድ። ወድቆ ቢያጨስ እንኳ አይሰደብ፤ ብዙ ሰው የተላቀቀው ደጋግሞ ከሞከረ በኋላ ነውና፣ በማግሥቱ እንደ ገና ይጀምር።

ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ከወር በኋላ ዝናቡ ቤተ ሰቡን በጀበናው ዙሪያ ሲሰበስብ፣ በቤቱ ውስጥ የሚጤሰው ዕጣኑ ብቻ ከሆነ፣ ልጆቹም አብረውት ዐርፈዋል ማለት ነው።